አንድ ብርጭቆ ወተት ለሁለት ሰው፦ ስለ ምግብ አለርጂ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንዷ እህቴ ናት። ከሥሩ "ይሄን አይተሃል?" ብላ ጽፋበታለች። እህቴ እንዲህ አጠር አድርጋ የምትጽፈው ስትናደድ ነው።

ጽሑፉ ስለ ምግብ አለርጂ ነው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ ሰውን እያስፈራሩ ገንዘብ የሚለቅሙትን መንቀፋቸውም ደስ ይላል። ግን ካነሷቸው ስድስት ነጥቦች ሦስቱ ስህተት፣ አንዱ ግማሽ እውነት፣ አንዱ ጊዜው ያለፈበት ነው። የቀረው አንዱ ሰው ሊገድል ይችላል። ከበድ ያለ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ እስኪ ወረድ እያልን እንየው።

መጀመሪያ ሀሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አለርጂና የምግብ አለመስማማት አንድ ነገር ናቸው፣ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው ይላሉ። ቀጥለው፣ አለርጂ ያለበት ሰው ምግቡን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢቀምስ ሰውነቱ ይለምደዋል ይላሉ። ሦስተኛው ከ200 በላይ ምግቦችን በአንድ የደም ናሙና የሚያሳይ ምርመራ የማይስማማንን ሁሉ ይነግረናል የሚል ነው። አራተኛው፣ ምልክት ሲመጣ የአለርጂ ክኒን ውጦ ብዙ ውሃ መጠጣት ይበቃል፣ የአድሬናሊን መርፌ የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚል ነው። አምስተኛው ለዓመታት ስንበላው የኖርነው ምግብ ድንገት አለርጂ ሊሆንብን አይችልም ይላል። ስድስተኛው ደግሞ ሕፃናትን እስከ 3 ዓመታቸው ከኦቾሎኒና ከእንቁላል ማራቅ ከአለርጂ ያድናቸዋል ይላል። በመሃል በመሃል "አብዛኛው አለርጂ ሰው ለራሱ የለጠፈው ስም ነው" የሚል አስተያየት ይመላለሳል።

ከዚህ አስተያየት ልጀምር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ እውነት አላቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በታተመ አንድ ጥናት ከ40 ሺህ በላይ ዐዋቂ አሜሪካውያን ተጠይቀው ነበር። 19 በመቶ ያህሉ የምግብ አለርጂ እንዳለባቸው ተናገሩ። የተናገሩት ምልክት ሲመዘን ግን በእርግጥም አለርጂ የሚመስለው የ10.8 በመቶው ብቻ ነበር። ስለዚህ አለርጂ ሳይኖርበት "አለብኝ" የሚል ሰው ሞልቷል። ይህን ለጸሐፊው ሙሉ በሙሉ እሰጣቸዋለሁ። ግን 10.8 በመቶ ማለት ከዘጠኝ ሰው አንዱ መሆኑ አይዘንጋ።

አሁን ወደ ወተቱ። እኔ ወተት አይስማማኝም። የእህቴ ልጅ ደግሞ የወተት አለርጂ አለባት። ሰባት ዓመቷ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ከሆነ የእኔ ትንሹ፣ የእሷ ትልቁ ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው።

እኔ አንድ ብርጭቆ ወተት ብጠጣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ሩጫ ነው። ወዴት እንደሆነ አልናገርም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ከልጅነት በኋላ ይህ ኢንዛይም የሚቀንስበት ሰው ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይወጣል፤ ውሃ ወደ አንጀት ይሳባል። በቃ ይኸው ነው። ያስጠላል፣ ያሳፍራል፣ አይገድልም። ግማሽ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ብጠጣ ምንም አልሆንም። እርጎና የቆየ አይብም አያስቸግሩኝም፣ ላክቶሳቸው ትንሽ ስለሆነ።

የልጅቷ ነገር ከስኳሩ ጋር አይገናኝም። የእሷ ጠላት እንደ ኬዚን ያለው የወተት ፕሮቲን ነው። የሰውነቷ መከላከያ ይህን ፕሮቲን እንደ ወራሪ ቆጥሮ ኢሙኖግሎቡሊን ኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህ ነገር ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ፕሮቲኑ ሲመጣ ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ባንድ ጊዜ ይለቃሉ። ከንፈር ያብጣል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ማስመለስ ይመጣል፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። መጠኑም ብዙ መሆን የለበትም።

ልዩነቱ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ላክቶስ የሌለው ወተት ለሁለታችንም ይበጅ ነበር። ለእኔ ይበጀኛል። ለእሷ ግን ያው መርዝ ነው፤ ስኳሩ ተፈጭቶ ፕሮቲኑ እንዳለ ስለተቀመጠ። አንድ የልደት ግብዣ ላይ አንዲት ደግ ሴት "አይዞሽ፣ ላክቶስ የለውም" ብለው ኬክ ሊያጎርሷት ሲሉ እህቴ ደረሰች። ሴትየዋ ክፋት አልነበረባቸውም። ጸሐፊው ያነበቡትን ዓይነት ነገር አንብበው ነው። "የፍየል ወተት ስጧት" የሚሉም አሉ። የፍየሉ ፕሮቲን ከላሟ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የፍየሉም ያስነሳባቸዋል።

እግረ መንገዴን፦ ጸሐፊው "ሆድህ ከታወከ ስንዴ ለአንድ ወር ተውና እየው" ብለው አልፈዋል። ከሁለቱም የማይመደብ ሴሊያክ የሚባል ሦስተኛ ነገር አለ። መከላከያው ስንዴ ውስጥ ባለው ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ሰበብ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። የደም ምርመራውም ሆነ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚያስተማምነው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ነው። ቀድሞ የተወ ሰው በሽታው እያለበት "ነፃ ነህ" ሊባል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር፣ ከዚያ መተው።

"ጥቂት ጥቂት ቅመስ" የሚለው ግማሽ እውነት ያልኩት ነው። ጸሐፊው ስፖርት ጡንቻን እንደሚያለምድ ምግብም መከላከያን ያለምዳል ይላሉ። ያማረ ምሳሌ ነው። ግን ከመቶ ዓመት በፊት እንዲሁ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፈረንሳውያኑ ቻርልስ ሪሼና ፖል ፖርቲዬ። የባሕር አኒሞን የሚባል የባሕር እንስሳ መርዝ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ ውሾችን ለማለማመድ ሞከሩ። ኔፕቱን የተባለው ውሻ የመጀመሪያውን መጠን ምንም ሳይሆን አለፈው። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ትንሽ መጠን ሲደግሙለት በ25 ደቂቃ ሞተ። ለመከላከል የሰጡት ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ። በ1902 "አናፊላክሲስ" የሚለውን ስም ያወጡት ለዚህ ነው፤ ዛሬ ቃሉ ሰው ሊገድል የሚችል ድንገተኛ ከባድ የአለርጂ ምላሽ ማለት ነው፤ ሪሼም በዚህ ሥራ በ1913 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ያ በመርፌ የተሰጠ መርዝ ነው እንጂ ምግብ አይደለም፤ እሱን አልክድም። ግን መከላከያችን እንደ ጡንቻ አይደለም ለማለት ይበቃል። አንዳንዴ የሚማረው መቻልን ሳይሆን መቆጣትን ነው።

እውነቱ የት ላይ ነው? ሐኪሞች በእርግጥ ይህን ሕክምና ይሰጣሉ። በ2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ4 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የኦቾሎኒ ዱቄት መድኃኒት ፈቅዷል። መነሻው ግማሽ ሚሊግራም ፕሮቲን ነው። መጠኑ በተጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው ልክ የሚሰጠው ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ልጁም እዚያው ቆይቶ ይታያል። ወራት ከፈጀ በኋላ የሚደረስበት 300 ሚሊግራም ነው። አንድ የኦቾሎኒ ፍሬ ማለት ነው! ይህ ሁሉ ልፋት ልጁ ኦቾሎኒ እንደ ልቡ እንዲበላ ሳይሆን በስህተት ቢቀምስ እንዲተርፍ ነው። ሕክምናው ራሱ አናፊላክሲስ ሊያስነሳ ይችላል። ትኩሳት፣ ሩጫ፣ ባዶ ሆድ፣ ትላንት ያለፈውን መጠን ዛሬ አደገኛ ያደርጉታል።

ጸሐፊው የሚመክሩት ግን "በሻይ ማንኪያ" ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ከሐኪሞቹ መነሻ ከ2,000 እጥፍ በላይ። ይህን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ሐኪም? ኧረ ተዉ!

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቂም አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ያንን ምርመራ አስደርጌያለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቦታ ደሜን ወሰደና ከሁለት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ወረቀት ሰጠኝ። ቀይ ላይ 31 ምግቦች። እንቁላል፣ ስንዴ፣ ቲማቲም፣ ለውዝ፣ በየቀኑ የምበላው ሁሉ። አንዱም አስቸግሮኝ አያውቅም። ወተትስ? ወተት አረንጓዴ ነው! በሕይወቴ ሆዴን ያወከኝ አንዱ ምግብ "በነፃነት ይጠቀሙ" ተብሎ ተጻፈልኝ። እኔ ግን ወረቀቱን አምኜ ሁለት ወር ከሳሁ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ያ ምርመራ የሚለካው ኢሙኖግሎቡሊን ጂ የሚባለውን ነው። ጂ እና ኢ በስም ቢመሳሰሉም በሥራ አይገናኙም። ጂ የሚነግረን "ይህን ምግብ አውቀዋለሁ" የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ የበላነው ምግብ ላይ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። እንዲያውም ከላይ ባነሳሁት የኦቾሎኒ ሕክምና ልጆቹ እየቻሉት ሲሄዱ ከፍ የሚለው የዚሁ የጂ ዓይነት ነው። የመቻል ምልክት የሆነውን ነገር ቀይ ቀብተው ሸጡልኝ ማለት ነው። የአውሮፓ የአለርጂና ክሊኒካዊ ኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ በ2008፣ የካናዳው ማኅበር ደግሞ በ2012 ይህን ምርመራ ለምግብ አለርጂም ሆነ አለመስማማት አትጠቀሙበት ብለዋል። የእኔ የላክቶስ ጣጣ ደግሞ የኢንዛይም ጉዳይ ነው፤ በፀረ እንግዳ አካል ቢፈልጉት አይገኝም። እሱ የሚታወቀው በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን በመለካት፣ ወይም ወተት ለሁለት ሳምንት ትቶ መልሶ በመሞከር ነው። ይህ "ትቶ መሞከር" ለአለመስማማት ብቻ ነው። አለርጂ ለሚጠረጠርበት ሰው በቤት ውስጥ አይሞከርም።

ታዲያ አለርጂ በምን ይለያል? ከሁሉ በፊት በወሬ። ጥሩ የአለርጂ ሐኪም ግማሹን ሥራ የሚጨርሰው ሲጠይቅ ነው። ምን በላህ፣ ስንት ሰዓት ቆይቶ ጀመረህ፣ ከዚያ በፊት በልተኸው ታውቃለህ፣ ስፖርት ሠርተህ ነበር? ከዚያ የተጠረጠረውን ምግብ ጠብታ ክንድ ላይ አድርጎ ቆዳውን ጫር ያደርጋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ3 ሚሊሜትር ያላነሰ እብጠት ከወጣ መከላከያው ምግቡን ለይቶታል ማለት ነው። ለይቶታል ማለት ግን የግድ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። እብጠት ወጥቶባቸው ምግቡን ያለ ችግር የሚበሉ ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው ምግብ ሁሉ ተደርድሮ በጅምላ የማይመረመረው። ሲያጠራጥር ሐኪም ፊት፣ መርፌ ተዘጋጅቶ፣ ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ ይበላል። የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነው።

አምስተኛው አጭር ነው። ያው የ2019ኙ ጥናት የምግብ አለርጂ ካለባቸው ዐዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት ቢያንስ አንዱ አለርጂ የጀመራቸው ካደጉ በኋላ መሆኑን አሳይቷል። ሽሪምፕ በዚህ የታወቀ ነው። በመዥገር ንክሻ የሚመጣም አለ፤ ዕድሜ ልኩን ሥጋ ሲበላ የኖረ ሰው ከተነከሰ በኋላ ቀይ ሥጋ በበላ በሦስት እስከ ስድስት ሰዓቱ ሌሊት እያሳከከው ይነቃል። "ስበላው ኖሬያለሁ" መከራከሪያ አይሆንም።

ስድስተኛው ላይ ጸሐፊውን ብዙ አልወቅስም። ምክሩ ከራሳቸው የወጣ አይደለም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2000 ለአለርጂ ለተጋለጡ ልጆች ኦቾሎኒ እስከ 3 ዓመት ይቆይ ብሎ ነበር። በ2008 ማስረጃ የለውም ብሎ ተወው። በ2015 ደግሞ ከለንደን የወጣ ጥናት ነገሩን ገለበጠው። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜያቸው ላይ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኦቾሎኒ በየሳምንቱ በሉ፤ ግማሾቹ ጭራሽ አልቀመሱም። የመጀመሪያ የቆዳ ምርመራቸው ነፃ ከነበሩት መካከል አምስት ዓመት ሲሞላቸው አለርጂ የያዛቸው ከራቁት 13.7 በመቶ፣ ከበሉት ግን 1.9 በመቶ ሆኑ። ማራቁ ራሱ ጎዳቸው። ይህን ያነበበች እናት ሙሉ ፍሬ ለሕፃን እንዳትሰጥ፤ ያንቃል። ልሞና በውሃ የቀጠነ መሆን አለበት። ከባድ ችፌ ያለበት ሕፃን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አለርጂ አስቀድሞ የያዘው ልጅ ደግሞ ይህ ምክር አይመለከተውም።

አራተኛውን ሆን ብዬ አቆየሁት። "ክኒን ውጠህ ውሃ ጠጣ።"

ቆዳ ላይ ትንሽ ሽፍታ ብቻ ከሆነ ክኒኑ ልክ ነው፤ እዚያ አልከራከርም። የልጅቷ ቦርሳ ውስጥም አንቲሂስታሚን የሚባለው ይኸው የአለርጂ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት የሂስታሚንን በር ይዘጋል፤ ማሳከኩን ያበርዳል። የጠበበ የአየር ቧንቧ ግን አይከፍትም። የወደቀ የደም ግፊት አያነሳም። ሥራ ለመጀመርም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ጎሮሮው እያበጠ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት የለውም። ውሃው ደግሞ ምንም አያጥብም፤ ፕሮቲኑ ሥራውን ጀምሯል። መዋጥ ያቃተውን ሰው ማጠጣት ሌላ አደጋ ነው።

አድሬናሊን ግን የአየር ቧንቧውን ይከፍታል፣ የሰፉትን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሕዋሳቱም ተጨማሪ ኬሚካል እንዳይለቁ ይገታል። የሚወጋው ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሃሉ ላይ ነው። በራስ የሚወጋው ዓይነት በሱሪ ላይም ይወጋል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምላስ ካበጠ፣ ሰውየው ከዞረበት ወይም ሽፍታና ትውከት አብረው ከመጡ መጀመሪያ እሱ ነው። ሽፍታ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ የሚመጣ አናፊላክሲስ አለ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛው ይደገማል። ሰውየው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ። ተነስቶ እንዲራመድ አይደረግ፤ ድንገት በመቆም የሞቱ አሉ። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎች ታሪክ ሲጠና ደጋግሞ የሚገኘው አድሬናሊን መዘግየቱ ነው። ጸሐፊው "የመጨረሻ አማራጭ" ያሉት ያንኑ መዘግየት ነው።

እህቴ "መልስ ጻፍ" ስትለኝ ስድስቱም ነጥብ አላናደዷትም። ያናደዳት ይሄ ነው። ምክንያቱም ጽሑፉን ካስተላለፉላት ሰዎች አንዷ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምትመልሳት ሞግዚት ናት። ክቡር ጸሐፊ ሆይ፣ በሌላው ላይ መከራከር እንችላለን፤ ጊዜ አለን። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን እባክዎ ዛሬውኑ ያንሷት።